የአገራችን ጥበብና ባለ እጆች
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



አገራችን ከጥንት ጀምሮ የጥበብ አገር ናት። 24 ሜትር ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ የጠራቢዎቹ ስም ግን ለእኛ አልደረሰም። ማረሻችንን የሚሠራውን «ጠይብ»፥ ኩታችንን የሚሸምነውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት ስለዚህ ነው።

ጥበብ ከተናቀ ስፍራ እንደሚገኝ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ. ኤ. አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ነውና፥ እንዶድ እንደሚገድለው መርምረው አረጋገጡ። በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን አስቀድመው ለሥራ ያዋሉት ግን በየወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶቻችን ናቸው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች አዲስ ነገር ለመፍጠር ስንነሣ፥ ከብረት ሠሪው፥ ከሸማኔውና ከሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ቁጭ ብለን እንማር። የተሰደበ ባለ እጅ ሙያውን ለልጁ ማውረስ ያፍራል፤ የተከበረ ግን ለአገር ያስተምራል።