ሲጠሩት የሚመጣ አውቶቡስ ለአሶሳና ለባምባሲ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዕድር ጉባኤ ላይ ስለ አውቶቡስ ማውራት ምን የሚሉት ነው የሚል አይጠፋም። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን የዕድር ሥራ ግማሹ የመጓጓዣ ሥራ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ለቅሶ ቤት መድረስ አለበት። ሬሳው ወደ መቃብር፣ ቀባሪው ከየመንደሩ ወደ ሐዘን ቤት፣ ከዚያም ወደየቤቱ መመለስ አለበት። ከቀብር የቀረ ይቀጣ የሚለው ደንባችን ጥሩ ደንብ ነው። ታዲያ መድረሻ አጥቶ የቀረውን ሰው ምን ብለን እንቅጣው?

የአባሎቻችን ዘመድ አዝማድ አሶሳ ከተማ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚኖረው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች ይኖራሉ። የበርታ ወንድሞቻችን ቤተ ዘመድ በሆሞሻ፣ በመንጌና በኩርሙክ በኩል ነው። ባምባሲም ወደ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ በጋብቻም በገበያም የተሳሰርን ነን። እንደምታውቁት ሙስሊም አባሎቻችን ያለ በቂ ምክንያት ሬሳ አያሳድሩም፤ ጧት ያረፈ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ መናኸሪያ ስንጠብቅ ቀብሩ ያልፈናል ማለት ነው።

ሹፌሩን ግን አንወቅሰውም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ማንሳት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ ቢያደርግም፣ ባዶ ወንበር ይዞ የሚነሳ መኪና ዞሮ ዞሮ ባለቤቱን ያከስራል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሰው ይታጨቃል፤ በሌላው ቀን መኪና ይጠፋል። ኮንትራት እንያዝ ብንል ዋጋው ከአንድ ሐዘንተኛ አቅም በላይ ነው። ባጃጅም ቢሆን ለከተማ ውስጥ እንጂ ለባምባሲ መንገድ አይሆንም።

እንግዲህ በሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሞከረ አንድ ዘዴ አለ፤ እኛ «የጥሪ አውቶቡስ» ብንለው ይሆናል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተሳፋሪው አስቀድሞ ስልክ ይደውላል፤ ከየት ወደ የት፣ በስንት ሰዓትና ስንት ሰው እንደሆነ ይናገራል። በስምሪት ቢሮ ያለው ሠራተኛ ጥሪዎቹን ይመዘግባል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን አንድ ላይ ያሰባስባል፤ ለሹፌሩም መነሻውንና መቆሚያዎቹን ያስታውቃል። ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከኮንትራት የሚለየው ተሳፋሪዎች በጋራ ስለሚሳፈሩ ሲሆን፣ ከመደበኛው አውቶቡስ የሚለየው ደግሞ ሰው በሌለበት ባዶውን ስለማይሮጥ ነው።

በካናዳ የሬጃይና ከተማ ይህን ዓይነት አገልግሎት በ1971 እ.ኤ.አ. ስትጀምር የነበራት መሣሪያ የቤት ስልክ ነበር። ስለዚህ ዘመናዊ ስልክ የሌለን ሰዎች አንቀርም ማለት ነው። የፊንላንድ ዋና ከተማ ሔልሲንኪ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ኩትሱፕሉስ የሚባል የጥሪ ሚኒባስ ጀምራ ነበር። ተሳፋሪው ወደደው፤ ነገር ግን መኪኖቹ ቢበዛ 15 ነበሩ፤ ለአንድ ጉዞ ከሕዝብ ገንዘብ የሚወጣው ድጎማም ከባድ ስለነበር በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተዘጋ። ከዚህ የምንማረው ነገር መወደድ ብቻውን አገልግሎትን እንደማያኖር፣ ኪሳራውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ነው።

በአገራችንም መኪናን በስልክ መጥራት እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድ ሰውን በስልክ ጥሪ ከመኪና ጋር ማገናኘትን አስለምዷል። ያ ግን የታክሲ አገልግሎት ነው፤ መክፈል የሚችል ይጠራል፤ የማይችል በእግሩ ይሄዳል። በሌላ በኩል በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ የአዲስ አበባን ክልል አልፎ እንደ ቡራዩና ሰበታ ላሉ ጎረቤት ከተሞችም ሲያገለግል ኖሯል። አውቶቡስ የከተማ ወሰን አይበግረውም። እኛ የምንፈልገው የእነዚህን የሁለቱን ጋብቻ ነው፤ እንደ ታክሲው በስልክ የሚጠራ፣ እንደ አውቶቡሱ ለሁሉም የሚሆን።

ታዲያ አሶሳ ብቻዋን ለምን አታደርገውም ትሉ ይሆናል። ብቻዋን ካደረገችው መኪናው ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። የባምባሲ ሰው ለሐኪም፣ ለቢሮ ጉዳይና ለዩኒቨርሲቲው ወደ አሶሳ ይመጣል፤ የአሶሳ ሰው ለገበያና ለዘመድ ወደዚያ ይሄዳል። የሁለቱ ከተሞች ጥሪ በአንድ መዝገብ ከተያዘ የመሄጃውም የመመለሻውም ወንበር ይሞላል። ለሆሞሻ መስመርም ኋላ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የሁለቱ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ግን ከመጀመሪያው ሦስት ነገር በጽሑፍ መዋዋል ይኖርባቸዋል፤ ዋጋውን ማን እንደሚወስን፣ ኪሳራ ቢመጣ በምን መጠን እንደሚካፈሉትና መኪና ሲበላሽ ማን እንደሚተካ።

የባለ ሚኒባሶቹም እንጀራ መታሰብ አለበት። አዲስ አውቶቡስ ገዝቶ እነሱን ከመንገድ ከማስወጣት ይልቅ፣ ያሉትን መኪኖች በተራ ለጥሪው ሥራ ማሰማራት ይሻላል። ተራ የያዘው ሹፌር ለዚያ ቀን የታወቀ ክፍያ ካገኘ ሰው ሞልቶ እስኪያፍን አይጠብቅም፤ ትርፍም አይጭንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ መካከል የዕድሩን ገንዘብ አውጥተን አውቶቡስ እንግዛ ያሉ አሉ። አሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ እኛ ግን አንደግፈውም። ይህ ገንዘብ የመቃብርና የሐዘን ገንዘብ ነው፤ ጎማና ሞተር ከበላው ነገ ሰው ሲሞትብን ምን ይዘን እንቆማለን? ዕድር ሊያዋጣ የሚችለው ሌላ ሀብት አለው። መዝገብ አለን፤ የአባሎቻችንን ቤትና ስልክ እናውቃለን፤ ቀጠሮ ማክበርንም ለምደናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት እያንዳንዱ አባል ከከተማ ውጭ የሄደበትን፣ ሊሄድ ፈልጎ የቀረበትን፣ የጠበቀበትን ሰዓትና የከፈለውን ሒሳብ ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። በቁጥር ያልታየ ችግር ቢሮ ሲደርስ ወሬ ይባላል። ሁለተኛ፣ ባምባሲ ካሉ ዕድሮች ጋር የሚነጋገሩ አምስት ሰዎች ይመረጡ፤ ከእነሱም ሁለቱ ከሴቶች ይሁኑ፤ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ይዞ መንገድ ላይ መቆምን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሦስተኛ፣ የሁለቱ ከተሞች ዕድሮች በአንድነት ፈርመው ለማዘጋጃ ቤቶቹና ለክልሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጥያቄውን ያቅርቡ። ጥያቄውም ትልቅ አይደለም፤ አንድ የስልክ ቁጥር፣ አንድ መዝጋቢና በቀን ሁለት ተረኛ ሚኒባስ፣ ለስድስት ወር ሙከራ።

በክልላችን ጉባ ላይ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየቤታችን ያዋጣነው ብር ምን እንደሚሠራ አይተናል። አንዲት ሚኒባስ በሰዓቷ እንድትነሳ ማድረግ ከዚያ አይከብድም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ለቀብሩ የምንደርስበትን መንገድ ግን ዛሬ ተነጋግረን ማዘጋጀት እንችላለን።