የሚፈረምበት ሥራ



በአገራችን የእጅ ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን፣ ማረሻውን ተቀብለን ሰውየውን ከማዕድ አራቅን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ ቢከለከልም ንቀቱ አልጠፋም፤ ዛሬም «ነጥብ ያልመጣለት ቴክኒክ ይግባ» ሲባል እንሰማለን።

ንቀቱ ዋጋ ያስከፍላል። ሥራው እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በርካሽ የተገኘ ሁሉ ይሠራዋል። ቧንቧው በወጉ ሳይፈተሽ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። ቤተሰብ በገባ በወሩ ግድግዳው ይረጥባል፤ ሴራሚኩ ይሰበራል፣ ቧንቧው ተፈትቶ እንደገና ይገጠማል። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የገባ ከሆነ፣ ኪሳራው የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የአገርም ነው።

ተቃራኒውንም አይተናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ አብራሪዎቹንም ቴክኒሻኖቹንም ያቀረበው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ነበር። አየር መንገዱ አውሮፕላን በመግዛት ብቻ አልተወሰነም፤ የአገር ልጆችን አሠለጠነ። ዛሬ የሌሎች አገሮች አየር መንገዶች አውሮፕላናቸውን ቦሌ አምጥተው ያስጠግናሉ። ለጥገና ወደ ውጭ ይሄድ ከነበረው ዶላር ከፊሉ እዚሁ ቀረ፤ የሌላውም ተጨመረበት።

በጥገናው ሃንጋር ብሎን የሚታሰረው በግምት ሳይሆን በልክ ነው። መሣሪያ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ አንዲት ካቻቪቴ ከጎደለች እስክትገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይነሳም። በመጨረሻም ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ የእሱ ነው።

ተመራቂዎች ሆይ፤ የሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ወረቀት ሥራ ያስገባችኋል፤ ስም የሚያወጣላችሁ ግን እጃችሁ ነው። መብራት የምትዘረጉ፣ ባለቤቱ አያውቅም ብላችሁ ኧርዝ ሳትቀብሩ አትውጡ። የምትበይዱ፣ ያልያዘ ብየዳ በቀለም አትሸፍኑ። ፈርሙ የሚላችሁ ባይኖርም፣ እንደሚፈረምበት አድርጋችሁ ሥሩ።

አሠሪዎችም ጥራት ስትጠይቁ የጥራትን ዋጋ ክፈሉ። ግማሽ ደመወዝ እየከፈሉ ሙሉ ሙያ መጠበቅ አይሆንም።

እጃችሁ ይባረክ፤ እንኳን ደስ አላችሁ!