አሮጌ ጊታር በዕቁብ ገንዘብ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን በቡናውም በዕድሩም «ሰውዬው የዕቁብ ገንዘቡን ለአሮጌ ጊታር ሰጠ» ይባላል። በዚህ የኑሮ ውድነት ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ምን እንደገዛሁ፣ እንዴት እንደገዛሁና ለምን እንደገዛሁ ባጭሩ ላስረዳ።

ዕቃው ፌንደር ስትራቶካስተር የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ወጣ። መሥራቹ ሊዮ ፌንደር የሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ እንጂ ጊታር መጫወት እንኳ አይችሉም ነበር። የእኛ ክራር ድምፁን የሚያጎላው በቆዳ በተለበጠው ገበታው ነው። ይህኛው ግን ድፍን እንጨት ነው። ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔት፣ በማግኔቱም ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ይህንኑ አጉልቶ ያሰማናል። ሰላም ሥዩም በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ሲጫወቱ ስንቶቻችን ከሬዲዮ አጠገብ አልነሳ ያልነው በኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ እኮ ነው!

እኔ የገዛሁትን ጊታር፣ ባለቤቱ በሆቴል ሲጫወቱበት ካየሁ ጀምሮ ስመኘው ኖሬአለሁ። እኒያ ሙዚቀኛ ዛሬ ሸምግለው ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ለሕክምናም ገንዘብ አስፈለጋቸው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የቸገረውን ሰው ዕቃ በርካሽ መንጠቅ ነውር ነው፤ ምኞት ዓይንን ጋርዶት ከሚገባው በላይ መክፈልም የልጆችን ጉሮሮ መንካት ነው። መፍትሔው ዕቃውን ማወቅ ብቻ ነው።

ስለሆነም ከባለቤቱ ጋር ሆነን መረመርነው። በራሱ ላይ ያለው ስም ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። አንገቱ ከአካሉ ጋር በሦስት ብሎን የተያያዘ ነው፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣ ሲሆን ቀድሞ አራት ነበር። ማሰሪያው ከላላ አንገቱ ወደ ጎን ይንሸራተትና ቅኝቱ ይበላሻል፤ ገፋ አድርገን አየነው፣ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሽፋኑን ፈተን የድምፅ ማስተካከያውን ጀርባ አነበብን፦ 1377633 ይላል። 137 የአምራቹ ቁጥር፣ 76 ዓመቱ፣ 33 ሳምንቱ ነው። ብየዳው ስላልተነካ፣ ጊታሩ ከ1976 33ኛ ሳምንት በፊት አልተሠራም ማለት ነው። መቃኛዎቹ ግን ተቀይረዋል፤ ይህ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ድምፁን አልጎዳም።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1965 ለሲቢኤስ ከመሸጡ በፊት የተሠሩት፣ አሮጌ ዕቃ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ እጅግ ውድ ናቸው፤ የ1970ዎቹ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። ይህንን ሁለታችንም አውቀን፣ ባለቤቴም ተስማምታበት ዋጋውን ቆረጥን። እኒያ አባት ሲያስረክቡኝ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው።»

አልሰቅለውም። ማኅበሩ ከፈቀደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ይመጣል፤ መማር የሚፈልግ ወጣት ሁሉ በተራው ይያዘው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የጊታሩ ክሮች በገመዱ በኩል ከማጉያው የመሬት ሽቦ ጋር የተገናኙ ናቸው። የአዳራሹ ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው፣ ማጉያው ሲበላሽ ልጆቹን ኤሌክትሪክ ሊይዛቸው ይችላል። ኮሚቴው አስቀድሞ በባለሙያ ያስፈትሽልን፤ እስከዚያ ድረስ ማጉያው አይሰካም።

በየቤታችሁም ሣጥን ውስጥ የተኛ ክራር ወይም አኮርዲዮን ካለ አውጡት። ዕቃ ያረጀው ስለቆየ አይደለም፤ የሚነካው ሲያጣ ነው።