የቲሙንም እናቱንም
(ለማኅበሩ ለጋሾችና ለቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)





በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ እናቱ በሕይወት አለች። እኛ ግን የልጁን ስም መዝግበን ድጋፉን ስንልክ እርሷን እንደ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ እንቆጥራታለን። ልጁ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ከሆነ ይህ አቆጣጠራችን ይጎዳዋል፤ ከሰው ጋር መኖርን በመጀመሪያ የሚማረው ከእርሷ ነውና።

በአገራችን የእናትን ድርሻ በግልጽ ካሳዩን አንዷ እ.ኤ.አ. በ2021 በሞት የተለዩን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ይሁንና ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ልጅን በየቀኑ አዲስ አበባ ማመላለስ አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገውና አስቀድሞ በኢትዮጵያም የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ለዚህ ይበጃል። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች የተዘጋጀ ሲሆን 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት አለው። አሠልጣኙ የግድ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም።

ሥልጠናው የእናትን የዕለት ሥራ የልጁ መማሪያ ያደርገዋል። ቡና ሲፈላ ልጁን ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ እጁን ይዛ ባዶውን ስኒ ለአያቱ ታቀብለዋለች፤ ሌላ ቀን እጇን ታነሣለች፤ ውሎ አድሮ ከጎረቤት ስኒ መቀበልንም ይለምዳል። አንድ ነገር ከጠየቀችው በኋላ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ለደከመች እናት ግን ከሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትንሹን አቡ ዑመይርን ስለ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሥልጠናውም እንዲሁ ልጁ ከሚወደው ነገር ጀምሩ ይላል።

ዱዓችንን አንተውም። ነገር ግን ችግሩ በእናቲቱ ኃጢአት የመጣ እንዳልሆነ ለጎረቤቱ እንናገር፤ ልጁ ጓዳ የሚደበቀው ሐሜቱን በመፍራት ነው።

ማኅበራችን ከጤና ተቋማት ጋር ተነጋግሮ አሠልጣኝ ቢያስመጣ፣ እናትየዋ ለሥልጠና ስትመጣ የገበያ ቀኗ ይቀርባታል። የዚያን ቀን ገቢዋንና የመጓጓዣዋን ወጪ እንድትሸፍኑ እንለምናለን።

ለአረፋ ወደ አገር ቤት የምትገቡ ወንድሞችም፣ ለየቲም ቤት ሥጋ ስታደርሱ ከበር አትመለሱ። ግቡና ተቀመጡ፤ ጓዳ ያለውን ልጅ በስሙ ጥሩት። ባይመልስላችሁ አትቀየሙት፤ ቡናው እስኪፈላ ጠብቁት።