በመኪና ውስጥ ለሚገጠም ኮምፒውተር የኃይል ምንጭ አመራረጥ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ካራ የሚወጣ አንድ ሚኒባስ እናስብ። 60 ዋት የሚፈልግ ኮምፒውተር ተገጥሞለታል እንበል። ባትሪው 12 ቮልት ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ 12 የሚለው ስም ብቻ መሆኑ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ሙሉ ባትሪ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ዲናሞው ሲሠራ ወደ 14.4 ይጠጋል። በካራ ብርዳማ ንጋት ሞተሪኖው ሲዞር ግን ለቅጽበት እስከ 7፣ አንዳንዴም እስከ 6 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል፤ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል።

ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ኢንቨርተርን ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ኢንቨርተሩ 12ቱን ወደ 220 ያወጣል፤ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። የሁለቱም ብቃት 85 በመቶ ቢሆን እንኳ የሚተርፈው 72 በመቶ ነው። ለ60 ዋት ሲባል 83 ዋት ከባትሪው ይሳባል፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ የማራገቢያው የማቀዝቀዝ አቅም ይቀንሳል። በቆላ የተፈተነ ዕቃ እዚህ ሲግል የምናየው ስለዚህ ነው።

ስለሆነም ከ6 እስከ 30 ቮልት የሚቀበል፣ ወደ 220 ሳይወጣ በቀጥታ የሚያከፋፍል መቀየሪያ ይመረጣል። የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ ለኮምፒውተሩ የመዝጊያ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ከባትሪው ፈጽሞ የሚለያይ ይሁን። 50 ሚሊአምፔር ብቻ እየሳበ የሚያድር መሣሪያ በሁለት ሳምንት 17 አምፔር ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ከ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሩብ በላይ ነው። ባለ 24 ቮልት አውቶቡሶች በሙሌት ጊዜ ከ28 ቮልት ስለሚያልፉ፣ ለእነርሱ 30 የሚለው ጣሪያ አይበቃም።