የነጋዴው ግድግዳና የማዘጋጃ ቤቱ መለኪያ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ጠላ የጠመቀች እመቤት ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ ከደጃፏ ስታቆም መንገደኛው ሁሉ ምልክቱን ዐውቆ ይገባል፤ ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም እኩል ይረዳዋል። ሥጋ ቤቱ በሬ፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀስና ማበጠሪያ፣ ቡና ቤቱ ጀበና በግድግዳው ላይ ማሣሉም የዚሁ ልማድ ወገን ነው። ከተማ ሲሰፋና ንግድ ሲበረታ ግን ምልክቱም አብሮ ያድጋል፤ በጣሳው ፈንታ ሰሌዳ ይቆማል፣ ከሰሌዳውም አልፎ ግድግዳውን በሙሉ የሚሸፍን ሥዕል ይመጣል። ይልቁንም በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ የመንገድ ዳር ቤቶች መልክ በየከተማው የሚነገር ጕዳይ ሆኗል። እንግዲህ ልናገርበት የተነሣሁት ይህ ነው፤ የከተማ አስተዳደር በግል የንግድ ቤት ላይ የተሣለውን ሥዕል ሲመረምር ምኑን ሊመረምር ይገባዋል?

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥልን ዘንድ ወደ መሐል ሜዳ እንሂድ። መሐል ሜዳ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ የመንዝ በግና ከፀጉሩ የሚሠራው ባናም የአገሩ የታወቀ ሀብት ነው። እንበልና አንድ የባና ነጋዴ የሱቁን ግድግዳ ኖራ አስቀብቶ፣ በደጋ መስክ ላይ የሚግጡ በጎች አሣለበት። ጎረቤቱ ደግሞ ምስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል፤ እርሱም በዚያው ሠዓሊ እጅ፣ በዚያው መጠን፣ እነዚያኑ በጎች አሣለ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መጥቶ ባና ሻጩን «በጉ ከሸቀጥህ ጋር ግንኙነት አለውና ሥዕልህ ማስታወቂያ ነው፤ አጥፋው» ቢለው፣ ምስማር ሻጩን ግን «ያንተስ ጌጥ ነው» ብሎ ቢያልፈው፣ የከተማው ሰው ምን ይላል? ያው በግ ባንዱ ደጅ ጥፋተኛ፣ በሌላው ደጅ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ አያስቅምን?

ምሳሌው ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመስለው ጕዳይ በውጭ አገር በእርግጥ ደርሷል። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ኮንዌይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2014 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ዳቦ ቤት ግንባር ላይ የተራራ ሰንሰለት ሣሉ፤ ከተራሮቹም ላይ ፀሐይ ታበራለች። ተራሮቹ ግን ዶናትና ልዩ ልዩ ጣፋጭ ዳቦዎች ነበሩ። የከተማዋ ሹማምንት ሥዕሉ ቤቱ የሚሸጠውን ያሳያልና ማስታወቂያ ነው፣ መጠኑም ለማስታወቂያ ከተፈቀደው ይበልጣል ብለው ከለከሉ። እውነተኛ ተራራ ቢሆን ኖሮ ግን የሚነካው አልነበረም። ባለቤቱ በ2015 ዓ.ም. ክስ አቀረበ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ዳኛው ለዳቦ ቤቱ ፈረደ። ከተማዋ ደንቡን የሠራችበት መንገድ፣ ደንቡ ከወጣበት ዓላማ ጋር ተገቢ ግንኙነት አልተገኘለትም። ሥዕሉ ተራራ ቢሆን ወይም ዳቦ፣ የመንገዱ ደኅንነትና የከተማው ውበት ያው ነውና።

ታዲያ ማዘጋጃ ቤት ዝም ብሎ ይመልከት ማለቴ ነውን? አይደለም። ግድግዳው የባለቤቱ ቢሆንም መንገዱ የሁሉ ነው። የመንገድ ምልክት የሚሸፍን፣ ሌሊት መብራቱ የነጂውን ዐይን የሚያጠፋ፣ ወይም የአሮጌ ቅርስ ግንብ የሚያበላሽ ሥራ ሊከለከል ይገባዋል። በሕግ የተከለከለም ነገር አለ፤ የትምባሆን ማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሏል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም በሕንፃ ላይ የሚጻፈውንና የሚለጠፈውን የንግድ ማስታወቂያ ከውጭ ማስታወቂያ ቈጥሮታል። በሌላው ወገን ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጥን ነጻነት አረጋግጧል። እንግዲህ መርማሪው ሹም በሁለቱ መካከል ሲቆም የሚያስፈልገው መለኪያ ነው፤ መለኪያውም የራሱ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ለዚህ ትምህርት የሚሆነንን ከመሐል ሜዳ ሳንርቅ እናገኘዋለን። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለልዩ ልዩ ሥራ የሚጠቅም ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ኖረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት የጓሳን ምድር ሲጠብቅ፣ ምድሩ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና የሚከፈትበት ጊዜ ለባለመብቶቹ ይነገር ነበር። በተዘጋበት ጊዜ የገባ ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሰው ሣሩ በደጁ እያለ ማጭዱን ሰቅሎ የታገሠው ስለ ምን ነበር? ወሰኑን አስቀድሞ ያውቀው ስለ ነበር፣ ጎረቤቱም በዚያው ወሰን እንደሚታሰር ያይ ስለ ነበር ነው። የጋራ ሀብት በክልከላ ብዛት ሳይሆን በታወቀ ደንብ ይጠበቃል።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የያዛችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ከዚህ የምንወስደው ነገር ግልጥ ነው። ነጋዴው ቀለም ከመግዛቱ በፊት የተፈቀደው መጠንና ቦታ ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ይለጠፍለት። ማመልከቻው የሚመለስበት ቀን ይቈረጥ፤ መከልከል ቢያስፈልግ ምክንያቱ ከነአንቀጹ ተጽፎ ይሰጠው፤ ይግባኝ የሚልበትም ቦታ ይታወቅ። ከሁሉም በላይ «አላማረኝም» የሚለው ቃል ከመዝገቡ ይውጣ። ማማርና አለማማር በሹሙ ዐይን ብቻ የሚፈረድ ከሆነ፣ ነጋዴው ሥዕሉን ትቶ የሹሙን ልብ ማሳመር ይጀምራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ክፉ ተረት መግቢያ የሚያገኘው ደንብ በጐደለበት በእንዲህ ያለው ቀዳዳ ነው።

የሚጐዳውም ማን እንደ ሆነ እናስብ። ትልቁ ድርጅት ጠበቃ ይቀጥራል፤ ሥዕሉ ቢጠፋበትም በማግሥቱ ሌላ ያሠራል። የሻይ ቤቱ ባለቤት ግን ለቀለሙ ያወጣው ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር ያሰበው ሊሆን ይችላል። በቀን ሥራ የሚያድረው ሠዓሊ ደግሞ አንድ ሥዕል በትእዛዝ ሲፋቅ ያየ ነጋዴ ሁለተኛ አይጠራውም። ነጋዴውም በበኩሉ ብሩሽ ከማስነሣቱ በፊት ደንቡን ቢጠይቅ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የሚያሣለውንም ከጎረቤቶቹ ጋር ቢመክርበት ለራሱም ለሠፈሩም ይበጀዋል።

አባቶቻችን በጠብ መካከል «በሕግ አምላክ» ሲባሉ የሚቆሙት ሕጉ ከተናጋሪውም ከሚነገረውም በላይ ስለ ሆነ ነበር። የባናው ነጋዴና የማዘጋጃ ቤቱ ሹምም በአንድ ግድግዳ ፊት ሲገናኙ ሁለቱን የሚያቆማቸው እንዲህ ያለ ሕግ ይኑር።