መነጽሩን ግዙ፣ የቀረውን ተከራዩ
(በምሩቃን የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ የምትወጂውን ነገር አካፍይን» ሲሉኝ፣ ስለ ስኩባ ዳይቪንግ ልናገር ወሰንኩ፤ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ስለ መጥለቅ ማለት ነው። ፈገግ ያላችሁ ልክ ናችሁ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ነኝ፤ ዋና ራሱ የተማርኩት በ36 ዓመቴ ነው። ለሥራ ኤምሬትስ ከሄድኩ በኋላ ግን ፉጃይራ ላይ አንድ ቀን ጠለቅኩና በዚያው ቀረሁ። ከመካከላችሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ፣ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ጅቡቲ ለመሄድ የምታስቡ አላችሁ። እንደኔ ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ ነው ይህን የምነግራችሁ።

እኔ ምን አደረግኩ? የመጀመሪያውን ሥልጠና በጨረስኩ በሳምንቱ ሱቅ ገብቼ ሙሉ ዕቃ ገዛሁ። የወር ደመወዜ ግማሹ ሄደ። መነጽሩ ውሃ ያስገባል፣ የጎማ ልብሱ ደረቴን ያፍናል፣ የእግር መቅዘፊያው ተረከዜን ላጠው። በሦስት ወር ውስጥ አብዛኛውን በሩብ ዋጋ ሸጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ መልሼ የለቀምኩት ሩቡን ብቻ ነው።

ከዕቃው በፊት ምርመራ ይቀድማል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ ቀደም ሲል የደረሰ የሳንባ መኮማተር፣ የጆሮ ችግር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ማሠልጠኛዎች የሚያስሞሉት የጤና መጠይቅም ከ45 ዓመት በላይ የሆነውን ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። እኛ ሐኪሞች ራሳችንን ማስመርመር እንደማንወድ ስለማውቅ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

ከዚያ መነጽሩን ግዙ፤ ከሌላ ሰው ፊት ጋር የሚጋሩት ዕቃ አይደለም። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ግጠሙት፣ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁት። ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ከወደቀ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን መልሱት። ሹሩባ ከጠርዙ ጎማ ሥር ከገባ ውሃ ይገባል። አፍንጫችሁንም ከውጭ በሁለት ጣት መቆንጠጥ መቻል አለባችሁ፤ በጆሮ ላይ የሚመጣውን ግፊት የምናስተካክለው በዚያ ነው። የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ለሚቸግረን የአርባዎቹ ሰዎች ደግሞ ቁጥር ያለው መስታወት ይገጠምለታል። አየራችሁ ስንት እንደቀረ ማንበብ ካልቻላችሁ የጌጁ ጥራት ምን ይሠራላችኋል?

ሁለተኛ ልብሱ። ውሃ ሙቀትን ከአየር 24 እጥፍ ያህል በበለጠ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የሚሰፋ ልብስ ውሃው እየተመላለሰ ያበርዳችኋል፣ የሚጠብ ደግሞ ትንፋሽ ይነሳል። ለብሳችሁ፣ ቁጢጥ ብላችሁ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ሞክሩት። ልካችሁን እስክታውቁ ግን ተከራዩ።

ሲሊንደር ጭራሽ አትግዙ። ከባድ ነው፣ በየጊዜው መፈተሽ አለበት፣ የጥልቀት ጉዞ የሚያዘጋጁትም ሞልተው ያቀርቡላችኋል። ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረውን ኮምፒውተር ከገዛችሁ ቀላሉ ይበቃል፤ ባለ ቀለም ስክሪኑ ናይትሮጅኑን አይቀንስላችሁም።

ከሁሉም የሚያሳስበው ሬጉሌተሩ ነው። የዎርዱን የኦክስጅን ሬጉሌተር አስቡት፤ ሥራው ተመሳሳይ ነው። 200 ባር ያህል የታመቀውን አየር በሁለት ደረጃ ቀንሶ፣ በዙሪያችሁ ባለው የውሃ ግፊት ልክ ያቀርብላችኋል። እኔ አገር ከሚለቅ ሰው ያገለገለ በርካሽ ገዛሁ። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ሳላስፈትሽ ይዤው ወረድኩ። 12 ሜትር ላይ አየር በሳብኩ ቁጥር ጨው ውሃ አብሮ ይገባ ጀመር። ሳል ያዘኝ። ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መሮጥ ሳንባ እንደሚቀድ ተምሬያለሁ፣ ለሕመምተኛም አስረድቻለሁ፤ ሰውነቴ ግን የፈለገው መሮጥ ብቻ ነበር። አብራኝ የጠለቀችው ጓደኛዬ ትርፍ መተንፈሻዋን አቀበለችኝ፤ ክንዴን ይዛ ቀስ ብለን ወጣን። በኋላ ባለሙያ ሲከፍተው ውስጡ ያለችው ስስ ጎማ ተሰንጥቃ ተገኘች። በትንሽ ገንዘብ የምትለወጥ ጎማ።

ያን ቀን ከፍርሃቱ ይልቅ ኀፍረቱ ባሰብኝ። ያልተፈተሸ ሬጉሌተር ለሕመምተኛዬ አልገጥምም፤ ለራሴ ግን ርካሽ ስለሆነ ገጠምኩ። አሁን ደንቤ ይህ ነው፦ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የምትጠልቁ ከሆነ፣ በደንብ ከሚይዝ ድርጅት ተከራዩ፤ መቼ ሰርቪስ እንደተደረገም ጠይቁ። ከገዛችሁ የሰርቪሱን ወጪም አብራችሁ እንደገዛችሁ ቁጠሩት።

ከሰዓት በኋላ ለሆስፒታላችን በመዋጮ ስለሚገዛው መሣሪያ እንወያያለን። ተማሪ ሳለን ኮሪደር ላይ ጨርቅ ለብሶ የቆመውን ማሽን ታስታውሳላችሁ? አዲስ ነበር፤ የጎደለው መለዋወጫና የሚጠግነው ሰው ነበር። እኛም ዋጋውን ከማየታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ለሚጠቀሙበት ሰዎች ልካቸው ነው ወይ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? መልሱን የሚያውቁት እዚህ የቀሩት መምህራኖቻችንና ነርሶቹ ናቸው። ከመግዛታችን በፊት እነሱን እንስማ።